የሦስት ደቂቃ ውሃ

ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ፤
ሰዓቱ ከፊቴ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣
ዓይኔም ከቀይዋ መብራት ላይ ይቀራል።
ወረቀቴን ገለጥኩ፣ መነጽሬን ጫንኩ፣
«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፤
በዚች ምስጋና ላይ ስድስት ሰከንድ አለቀ፤
ይህ ማለት ቸቸላ፣ ከቦኖው አፍ ሥር፣
ግማሽ ጣሳ ውሃ ነው፣ ቧንቧው ካልደረቀ።

ከሀገር ጀመርኩኝ፣ እንደ ወጉ ሁሉ፤
ማዳበሪያው ውድ ነው፣ ገበሬዎች አጣን አሉ፤
መምህር በዱቤ ነው ወር ከወር የሚደርስ፣
ስሙ ከሱቅ ደብተር አንድም ቀን ሳይደመሰስ፤
ስለ ሾፌሩም አልኩ፣ መንገድ ስለታገተው፣
ጥማድ በሬ ሸጦ ወንድሙ ስላስፈታው።
የሰላሙ አንቀጽ ላይ ድምፄ ሲሰበርብኝ
«እባካችሁ» የምትል አንድ ቃል አመለጠችኝ፣
ከወረቀቴ ላይ ያልነበረች።

አዳራሹ ዝም አለ።
አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ ስልኩን አየ፤
ከሶማሌ የመጣች እንደራሴ ብቻ
ቀና ብላ ተመለከተችኝ፤
በሷም አገር ጀሪካን ይሰለፋል።

ከዚያ ወደ ጎንደር። አርባ ሰከንድ ቀረኝ።
በአርባ ሰከንድ ውስጥ ከየቱ ልጀምር?
ከግንቡ ስንጥቅ ነው? ከአንገረብ ደለል?
አዋላጇ በሻማ ከምትሠራበት በር?
«በቸቸላ መንደር ውሃ ከጠፋ ድፍን ሁለት ሳምንት—»
ስል መብራቷ ቀላች፣
ማይኩ ጠፋ።
አፌ ግን ዘግይቶ ነው የሰማ፤
«ውሃ» ይል ነበረ፣
ያለ ድምፅ፣ እንደ ዓሣ።

ሚኒስትሩ መለሱ፦ «ጥያቄው ተገቢ ነው፤
ጥናቱ ተጠንቷል፣ በሂደት ላይ ነው።»
ሂደት! ስንት ዓመት በእግሩ የሄደ ቃል፣
ጫማው የማያልቅ፣
ቸቸላም የማይደርስ።

ቅዳሜ ገባሁ። ባጃጁ ከአዘዞ ሽቅብ እያቃሰተ፣
ሹፌሩ አወቀኝና ዘፈኑን ዝቅ አደረገ።
አይተውኛል ብዬ በሆዴ ኮራሁ።
«ማክሰኞ?» አለኝ፤ «መብራት አልነበረም እኮ።»

ሰልፉ ከቦኖው ተነስቶ ወፍጮ ቤቱን ያልፋል፤
ሰው ሲደክመው ሄዶ ድንጋይ ይተካዋል።
ተራ አስከባሪው አያ ደምለው፣
እርሳሱ በጆሮው፣ ደብተሩ በብብቱ፣
አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል «ቁሚ!» አለኝ፤
«ምን አልሽልን እዚያ? እስቲ ለእኛም በይው፤
እዚህ ቀይ መብራት የለም፣
ጊዜሽ ውሃ እስኪመጣ ነው።»

ቆሜ አልኩት እንግዲህ፣
ከነአፈ ጉባኤው፣ ከነምስጋናው።
እትዬ ዘነቡ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ሰማች፤
ልጅ ያዘለች አንዲት «ጮክ በይ!» አለች ከኋላ።
«ድፍን ሁለት ሳምንት—» ስል
አያ ደምለው እርሳሱን አነሳ፦
«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!
ያን ዕለት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር።
ይኸው፣ ገጽ በገጽ፤ ማን እንደቀዳ፣ ማን ባዶውን እንደሄደ።
አምስቱን ቀን የት ጣልሽው?»

መልስ አልነበረኝም።
ከነዚያ ከአምስቱ በአንዱ ሌሊት ነው
የዘነቡ ልጅ ሸንታ ወርዳ ስትቀዳ
እግሯን የተሰበረች።

ደብተሩን አዋሰኝ። «ውሃ እንዳይነካው» ሲል፣
«ከየት መጥቶ?» አለ አንዱ፤
ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ።

ማክሰኞ እመለሳለሁ። ሦስት ደቂቃ ይሰጡኛል።
ምስጋናዬን ሰርዤ ስድስት ሰከንድ ተረፈችኝ፣
ግማሽ ጣሳ።
በሷ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቸቸላ። ውሃ ከጠፋ . . . ቀን።»
ቁጥሩን ክፍት ትቼዋለሁ፤
ጠዋት፣ ከመግባቴ በፊት፣
ለአያ ደምለው ደውዬ እሞላዋለሁ።